ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለብልት መጣመም የሚሰጠው መርፌ ምን ጉዳት አለው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 53 ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እነግዳለሁ። ከስምንት ወር ወዲህ ብልቴ ሲቆም ወደ ላይ ይጣመማል፣ ያመኛልም። ስነካው ከቆዳው ሥር ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። ስኳር አለብኝ፣ ለልቤም ትንሿን አስፕሪን እወስዳለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እዚህ መርፌ አለ፣ ለሚመጣ ሰው አስይዤ እልክልሃለሁ፣ እዚያው ይወጉሃል» አለኝ። መርፌው ምን ጉዳት አለው? ሕመሙስ ለባለቤቴ ይተርፋታል?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር። አይተርፋትም። ተላላፊ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም። ይህን ዛሬውኑ ይንገሯት፣ እሷም እኮ በዝምታ እየተጨነቀች ይሆናል።

የጻፉልኝ ምልክት ፔሮኒ የሚባለውን ሕመም ይመስላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1743 ስለ ሕመሙ ከጻፈ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ብልት ሲቆም ደም የሚሞላውን ክፍል የሚያቅፍ ጠንካራ ሽፋን አለ። እሱ ላይ ጠባሳ ይበቅላል። ጠባሳው ስለማይለጠጥ ብልቱ ወደዚያው ይጎብጣል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት እናየዋለን።

ወንድምዎ የሚሉት መርፌ ኮላጅኔዝ ይባላል፣ የገበያ ስሙ ዛያፍሌክስ ነው። በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሥራው ጠባሳውን የሠራውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን መፍታት ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ጤነኛው ሽፋንም ከኮላጅን የተሠራ ነውና።

መርፌውን ከተወጉ በኋላ ብልትዎ ይበልዛል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህ የማይቀር ነው ብለው ይያዙት። አንዳንድ ሰው ላይ ብልዙ ወደ ቆለጥ ከረጢትና ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ጠቁሮ ሲያዩት ያስደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እየጠፋ ይሄዳል። ቆዳው ላይ ደም የቋጠረ እብጠት ሊወጣ ይችላል፣ ማሳከክም አለ።

የምፈራልዎ ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ ሽፋኑን ስለሚያሳሳው ብልት በቆመበት ሊቀደድ ይችላል። «የብልት ስብራት» የሚሉት ይህንን ነው። መድኃኒቱ በተጠናባቸው 1,044 ወንዶች መካከል ይህ በ5ቱ ላይ ደርሷል። ሌሎች 9 ሰዎች ተመሳሳይ ምልክት አሳይተው ስብራት አይደለም ማለት አልተቻለም። ከባድ የደም መቋጠር ደግሞ 39 ሰዎች ላይ ታይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል።

ምልክቱን ልብ ይበሉ። ብልት ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወይም ስሜት፣ የቆመው በድንገት መውደቅ፣ በፍጥነት የሚጨምር እብጠትና ጥቁረት፣ ሽንት መከልከል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት። ከነዚህ አንዱ ከታየ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን ባጃጅ ይዘው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ነውር ነው፣ ይንጋ» አይበሉ። እዚያ ሲደርሱ መርፌው ምን እንደነበረና መቼ እንደተወጉ ይናገሩ፣ ያለዚያ ሐኪሙ ሌላ ነገር ሲፈልግ ሰዓት ያልፋል።

መድኃኒቱ ከባክቴሪያ የሚገኝ ስለሆነ ሰውነት ሊቆጣበትም ይችላል። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት በሽፍታ ከተሞላ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከተወጉ በኋላ ድንገተኛ የጀርባ ሕመም የያዛቸው፣ ራሳቸውን የሳቱም አሉ። ስለዚህ ተወግቶ ወዲያው መሄድ የለም፣ ክሊኒኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ መቆየት ያስፈልጋል።

ደግሞ አንዴ ተወግተው የሚገላገሉት አይደለም። አንዱ ዙር ከ1 እስከ 3 ቀን ተራርቀው የሚሰጡ 2 መርፌዎች አሉት። ዙሩ በየ6 ሳምንቱ እስከ 4 ጊዜ ይደገማል። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ግንኙነት የለም። ማማጥም አይፈቀድም። ለእርስዎ ይህ ከባድ ነው፤ ጀልባ መግፋት፣ የዓሣ ሣጥን ማንሳት፣ ሁሉም ሆድን ያስጨንቃል። ሆድ ድርቀት ካለብዎትም አስቀድሞ መታከም አለበት። ሐኪሙ በእጁ የሚያቃናው፣ እርስዎም ቤት ውስጥ በእርጋታ የሚስቡት ሥራ አለ። አሳሳቡን ሐኪሙ ያሳይዎታል፣ በጉልበት ከሆነ ጉዳት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚገኘው ውጤት ስንት ነው? ከ800 በላይ ወንዶች በተካፈሉበት ጥናት መድኃኒቱን የተወጉት ሰዎች ጉብጠት በአማካይ ከ50 ዲግሪ ወደ 33 ወርዷል። ለማነጻጸር መድኃኒት የሌለው መርፌ የተወጉትም ከ49 ወደ 40 ወርዶላቸዋል። ይጠቅማል፣ ግን ሙሉ በሙሉ ያቃናል ብሎ ቃል የገባልዎ ሰው ካለ አይመኑት።

አሁን ወደ ሻንጣው። ወንድምዎ ለእርስዎ ማሰባቸው ደስ ይላል፣ ግን እባክዎ አይላኩ ይበሏቸው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ከአሜሪካ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ባሕር ዳር፣ ከዚያ በሚያዝያ ሙቀት ሱቅ ጥግ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ማንም ማረጋገጫ ሊሰጥዎ አይችልም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የሚወጋው በዚሁ መርፌ የሠለጠነ ሐኪም ነው። ጠባሳው የሽንት ቧንቧውን የሚነካ ከሆነ ጨርሶ አይሰጥም፣ ይህን ደግሞ ሳይመረመሩ ማወቅ አይቻልም። ወንድምዎ መርዳት ከፈለጉ ገንዘቡን ለምርመራው ይላኩት።

ለእርስዎ ደግሞ ጊዜው ገና ነው። ያ ጥናት የተሠራው ሕመሙ ከጀመራቸው 12 ወርና ከዚያ በላይ ባለፋቸው፣ ጉብጠታቸው ከ30 እስከ 90 ዲግሪ በሆነ ሰዎች ላይ ነው። እርስዎን አሁንም እያመመዎት ነው፤ ጠባሳው አልረጋም ማለት ነው። ማመሙ በአብዛኛው ከጊዜ ጋር ይለቃል፣ ጉብጠቱ ግን እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

«ሌላ መርፌ አለ» የሚል ሰው ሊያጋጥምዎ ይችላል። ቬራፓሚል የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ጠባሳው ላይ ሲወጋ ይበልዛል፣ አንዳንዱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ኢንተርፌሮን ደግሞ እንደ ጉንፋን ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ስቴሮይድ ልወጋህ የሚል ካለ እምቢ ይበሉ፣ ሥጋውን ያሳሳዋል እንጂ አያቃናውም።

እስከዚያው የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት) ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ውስጥ ብልትዎ ሲቆም በራስዎ ስልክ ከላይና ከጎን ፎቶ አንሱት። ሐኪሙ ዘንድ አይቆምም፣ ጉብጠቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ከፎቶው መገመት ይቻላል። አያፍሩ፣ ሥራችን ነው። ስኳርዎን ተለክተው ውጤቱን ይዘው ይሂዱ። አስፕሪኗን በራስዎ አያቁሙ፤ ትንሿ መጠን መርፌውን አትከለክልም፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት ካለ ግን መጀመሪያ ለሐኪሙ ይነገር። ብልትዎ በደንብ መቆም ካስቸገረውም ይህንኑ ይንገሩት፣ ሕክምናውን ይቀይረዋል።