ግቢ ሲገባ አብረሽው አትገቢም

ከባህር ዳር፣ ከአባይ ማዶ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ረዘም ስላለ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አሁን ሐይቅ ዳር አንድ ምግብ ቤት ካሸር ነኝ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፣ ናቹራል። ቀን ከሌት ያነባል፣ የሞዴል ውጤቱ ግን 45 ላይ ተቸክሏል። ዶክተር እንዲሆንልን ነው ምኞታችን። እሱ ግን ትንሽ ጊዜ ካገኘ የሚሄደው ጎረቤት ስልክ ጠጋኙ ጋ ነው፣ እማዬም በዚህ ትቆጣዋለች። የምቀሰቅሰው፣ የማስጠናው፣ ሲደብረው የማባብለው እኔ ነኝ። አሁን ደብረ ማርቆስ አንድ የግል ድርጅት በሙያዬ ሊቀጥረኝ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ጀምሪ ተብያለሁ። እማዬ ‹በዚህ ሰዓት ልጁን ጥለሽ?› ትላለች። እሱም ‹እታለም፣ ከሄድሽ እወድቃለሁ› አለኝ። ልቅር ወይስ ልሂድ? እንዴትስ ልርዳው?»

ሂጂ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ከ2014 ዓ.ም ፈተና ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነው። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል። ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። ቤተሰብ እስከ በር ይሸኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ነው። ስለዚህ አንቺ ሥራውን ትተሽ ብትቀሪም በዋናው ሳምንት አትኖሪም። ጠዋት የሚነሳው ራሱ ነው፣ ፊዚክሱ ከብዶት ሲወጣ ለቀጣዩ ፈተና ራሱን የሚያረጋጋው ራሱ ነው፣ ዶርም ውስጥ አንዱ እያንኮራፋ ሌላው «ሰባተኛው ጥያቄ መልሱ ሲ አልነበር?» እያለ ሲበጠብጠው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሚተኛውም ራሱ ነው። «ከሄድሽ እወድቃለሁ» ያለሽ ልጅ ያንን ሳምንት የግድ ያለ እታለም ነው የሚያሳልፈው። ታዲያ ከሚያዝያ ጀምሮ ቢለምደው አይሻልም?

ይህን ስል ጥለሽው ሂጂ ማለቴ አይደለም። እስከ ፋሲካ ያለሽን ጊዜ ግን ሌላ ነገር ላይ አውይው።

መጀመሪያ 45ን እናንሳ። ስድስት ትምህርት ነው፣ ድምሩ ከ600። ማለፊያው 50 ከመቶ፣ ማለትም 300 ነው። 45 ከመቶ ማለት 270 ነው። የጎደለው 30 ነጥብ ነው፣ ለስድስቱ ሲካፈል በየትምህርቱ አምስት አምስት። እስቲ ይህንን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳይው። «አምሳ አልሞላም» ሲባል ገደል ይመስላል፣ አምስት ነጥብ ሲባል ግን ሰው ሊሠራበት የሚችል ነገር ይሆናል። በአገር ደረጃ በ2014 ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ። ይህን ለአንቺ ነው የነገርኩሽ፣ 45ን እንደ ውርደት እንዳታዪው። ማዕድ ላይ አታንሺው፣ እሱ ከአንቺ በላይ ያውቀዋል።

ቀን ከሌት ያነባል ብለሻል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የሚያነብ ልጅ ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። ደብተሩን ገልጠሽ እይው። ሃይላይተር የተቀባ ገጽ በገጽ ከሆነ፣ ዳር ላይ ግን አንድም የተፈታ ጥያቄ ከሌለ፣ ችግሩ ተገኘ። ያነበበውን ደግሞ ያነበዋል፣ ዓይኑ ስለለመደው የሚያውቀው ይመስለዋል፣ ወረቀቱ ሲመጣ ግን ባዶ ይሆናል።

መድኃኒቱ የድሮ ፈተናዎች ናቸው፣ ያውም በሰዓት። የፊት ገጹ ላይ የጥያቄው ብዛትና የተሰጠው ጊዜ አለ። አካፍሉትና ለአንዱ ጥያቄ ስንት ደቂቃ እንደሚደርሰው ይወቅ። ስልኩ ላይ ሰዓት ሞልቶ ይጀምር፣ ሲጮህ ያቁም። «ትንሽ ጨምሪልኝ» ቢል አትጨምሪለት። ከዚያ የሳተውን ሁሉ ወደ አንድ ደብተር ይገልብጥ፣ አጠገቡም ለምን እንደሳተ ይጻፍ። ጭራሽ ስላላወቀው ነው? እያወቀው ስለቸኮለ? ወይስ ሰዓት ስላለቀበት?

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና ፍሬን ይዞ በ4 ሴኮንድ ቆመ፣ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በስንት ቀነሰ? ልጁ ቀመሩን አሳምሮ ያውቀዋል። 72ን ለ4 አካፍሎ 18 ይላል። ምርጫው ውስጥ ደግሞ 18 ቁጭ ብሏል፣ ፈተና አውጪ ሞኝ አይደለም። 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግን 20 ሜትር በሴኮንድ ነው፣ ለ4 ሲካፈል 5 ይመጣል። ይህ ልጅ ምዕራፉን አምስት ጊዜ ቢያነበው አይጠቀምም። የሚያስፈልገው ደብተሩ ላይ «መጀመሪያ አሃዱን ቀይር» ብሎ በቀይ መጻፍና እንዲህ ዓይነት ሃያ ጥያቄ መሥራት ነው። አንቺ ፊዚክስ ማወቅ የለብሽም። የስህተት ደብተሩን በሳምንት አንዴ ማየት ይበቃሻል፣ ከደብረ ማርቆስ ሆነሽም በፎቶ ይልክልሻል። ኔትወርክ ካለ ማለቴ ነው፣ ከሌለ ደውሎ ያንብብልሽ።

ሌላው ነገር፣ የናቹራል ልጆች ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይ ተጣብቀው እንግሊዝኛና አፕቲትዩድን (የማመዛዘን ችሎታ መለኪያውን) ይረሷቸዋል። አፕቲትዩድማ አስተማሪም የለው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግን እሱም ከ100 ነው የሚታረመው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ሲደመሩ ከ600 ላይ 300 ናቸው፣ የወረቀቱ ግማሽ! የእንግሊዝኛ ምንባብ የለመደ ልጅ ደግሞ የባዮሎጂውን ረጅም ጥያቄም ቶሎ ይገባዋል። ያ አምስት አምስት ነጥብ ከየት ይምጣ ብትዪኝ መጀመሪያ የምፈልገው እዚህ ነው። ያላወቀውንም ባዶ አይተው፣ ሁለቱን ምርጫ ካስወገደ ከቀሩት አንዱን ያጥቁር። ከ2016 ወዲህ በኮምፒውተር የሚፈተኑም አሉ፣ ስለዚህ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ኮምፒውተር ቤት ይሂድ።

አሁን ወደ እናትሽ። እናት ናት፣ አልፈርድባትም። ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ማትሪክ የተፈተንኩ ዕለት (ያኔ ከቤታችን እየተመላለስን ነበር የምንፈተነው) አባቴ እስከ በሩ ሸኘኝና ትከሻዬን ይዞ «አደራ» አለኝ። አንዲት ቃል። ገብቼ የመጀመሪያውን ምንባብ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው «አደራ» ብቻ ነው። አባቴ የወደደኝ መስሎት ነው፣ ወዶኝም ነበር። እኔ የራሴን ልጅ ስሸኝ «ምሳህን ብላ» ነው ያልኩት። በኋላ ስጠይቃት ሚስቴ እንደነገረችኝ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ቢሆንም።

እናትሽ በየማታው «አጠናህ?» የምትል ከሆነ ያቺን ጥያቄ በሌላ ቀይሩላት። «ነገ በስንት ሰዓት ልቀስቅስህ?» ትበለው፣ እስከ ሰኔ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ ራሱ ይነሳል። እንጀራው የሚጋገረው ሌሊት ከሆነና ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ ደግሞ ጭሱና ጭውውቱ መሃል ማጥናት ከባድ ነው። መብራትም እንደምታውቂው ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ እዚያው ላይብረሪ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ቢመጣና ማታ በጊዜ ቢተኛ ይሻለዋል። ሐይቅ ዳር ሄጄ አጠናለሁ ካለሽ ግን እንዳትሸወጂ። አንቺ እዚያ ስለምትሠሪ ታይያቸዋለሽ፣ ደብተሩን ሣሩ ላይ ዘርግተው ፎቶ የሚነሱትን። ለሐይቁ እሑድ ከሰዓትን ስጪው፣ ያለ ደብተር። ሚያዝያ ላይ የባህር ዳር ሙቀት እንኳን ለሚያጠና ለሚያርፍም አይመች፣ ትንሽ ነፋስ ይምታው።

ሰው በግልጽ የማያነሳውንም ላንሳው። ጫት። በዚያ ከተማ የ12ኛ ክፍል ልጅ «ለማጥናት ነው» ብሎ ሲጀምር አይቻለሁ። በምርቃና የተጠና ነገር ያን ሌሊት ሁሉም የገባው ይመስላል፣ ጠዋት ግን እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ይዞ ይነሳል። ፈተናው ደግሞ በቀን ነው። ጀምሮ ከሆነ አትጩሂበት፣ በእናትሽ ፊትም አታንሺው። ብቻችሁን ሆናችሁ ጠይቂው፣ እንቅልፉን ማስተካከል ላይ ተስማሙ። ይህን ከመሄድሽ በፊት አድርጊው፣ በስልክ የሚሆን ወሬ አይደለም።

ስለ ዶክተርነቱም እስከ ፈተናው ዝም በሉ። ጥበበ ጊዮን ሆስፒታልን ባለፋችሁ ቁጥር «እዚህ ነው የምትሠራው» የምትሉ ቤተሰቦች ናችሁ መሰለኝ፣ ከደብዳቤሽ ሸቶኛል። ስልክ ጠጋኙ ጋ መሄዱን እኔ እንደ ጥፋት አላየውም። እጁ የሚፈታታው ነገር የሚወድ ልጅ ነው። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ አለ፣ ውጤቱ ካልፈቀደም ቴክኒክና ሙያ አለ። ዛሬ ሁሉ ሰው ልጁን ሊያስገባበት የሚመኘው ፖሊ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ) እኮ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየቶች ትብብር ሲከፈት የተግባር ቴክኒሻን ማሰልጠኛ ነበር፣ ብረት፣ እንጨት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ። ከአንድ እሑድ ቡና በኋላ «ባይሳካስ?» የሚለውን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሰላም አውሩት። ነጥቡ ለዚያ ዓመት የሚቆረጠውን ከሞላ ሪሚዲያል (50 ላልሞሉት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) አለ፣ በግል ደግሞ መፈተን አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። ከዚያ ዝጉት። ከወደቀ የት እንደሚያርፍ ያወቀ ልጅ ብዙም አይፈራም፣ ያልፈራ ደግሞ ጥያቄውን በደንብ ያነባል።

ወደ ግቢ ሲገባ የሚይዘውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ የመፈተኛ ካርዱን፣ መታወቂያውን፣ አንሶላና ብርድ ልብሱን፣ ሁለት ሦስት እርሳስና ላጲስ። በመጨረሻው ሌሊት ላጲስ ፍለጋ ቤት የሚያምስ ልጅ እንቅልፍ አይተኛም። ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፔዳ ወይም ፖሊ የሚያውቀው ሰው ካለው ደግሞ አንድ ቀን ወስዶ ግቢውን ያሳየው፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢመደብም ዶርምና ካፌ ምን እንደሚመስል ዓይቶ ይሄዳል።

አሁን ስለ አንቺ። ደብዳቤሽ ሙሉውን ስለ እሱ ነው፣ ስለ ራስሽ ሁለት መስመር ብቻ። ሁለት ዓመት ካሸር ሆነሽ በሙያሽ የመጣ ሥራ ነው። በአካውንቲንግ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ስንት ጊዜ አይተሻል? ይህን ብትመልሺው የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ደግሞ አስቢው፣ ለእሱ ብለሽ ቀርተሽ ባይሳካለት ያንን ዕዳ ዕድሜ ልኩን ይሸከማል። ቢሳካለትም ይሸከማል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ከፋሲካ በኋላ ብትጀምሪ ሰኔ ማብቂያ፣ ሐምሌ መግቢያ አካባቢ ያልቃል፣ ልክ ፈተናው በሚሰጥበት ሰሞን። ስለዚህ በየሳምንቱ «ወንድሜ ጋ ልሂድ» እያልሽ ፈቃድ አትጠይቂ። የፈተናውን ሳምንትም አትጠይቂ፣ መጥተሽ የምታዪው አጥር ነው። የምትጠይቂው ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት ያለውን ቅዳሜና ሰኞ ነው። ይህንንም ገና ውሉን ስትፈርሚ ለቅርብ አለቃሽ በቃል ንገሪ። አስቀድሞ የተነገረ ሁለት ቀን ብዙ ጊዜ አይከለከልም። መንገዱ እንደሚዘጋ እንደሚከፈት ስለሚታወቅ አንድ ቀን ጨምረሽ አስቢ።

ለእሱ የምትነግሪው ነገር አጭር ይሁን። «ለአንተ ብዬ ነው የምሄደው» አትበዪው፣ ውሸት ነው፣ ልጁም ያውቃል። «ሥራ አግኝቼ ነው የምሄደው፣ ረቡዕና እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት እደውላለሁ፣ ደብተሩን ይዘህ ጠብቀኝ» በዪው። ከዚያ ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ደውዪ። ሁለት ሰዓት ከሩብ አይሁን።

እና ምግብ ቤቱን ስትለቂ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ። «ካሸር» ብቻ ብለው እንዳይጽፉልሽ፣ የቀን ሽያጭ መዝጋትና ሒሳብ ማስረከብሽን ይጥቀሱልሽ፣ ማኅተሙ በደንብ ይነበብ።