መልስ፦ ቀፎውን ካዛወርኩ በኋላ ንቦቼ በድሮው ቦታ ይከማቻሉ

ወንድሜ፣ ቀፎውን 60 ሜትር ብቻ ስላራቅኸው ነው። ቀሳሚ ንብ የምታስታውሰው ቀፎውን ሳይሆን ቦታውን ነው፤ የለመደችውን አካባቢ ስታይ ወደዚያው ትመለሳለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አሮጌ የማር እንጀራ ያለበት ባዶ ቀፎ በድሮው ቦታ አስቀምጥ፤ የተንከራተቱት ይገቡበታል። አመሻሽ ላይ፣ ጨለማው ሳይጸና፣ መከላከያ ልብስህን ለብሰህ ወስደህ ካዛወርኸው ቀፎ አፍ ፊት ለፊት አራግፋቸው። ጥቂቶቹ የሆዳቸውን ጫፍ ሽቅብ አንሥተው ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ ታያለህ፤ በጠረናቸው ሌሎቹን እየጠሩ ነው። ከዚያ ሁሉም በእግራቸው እየተከታተሉ ይገባሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይረካል።

በቀፎው አፍ ላይ ቅጠላማ ቅርንጫፍ አቁምበት፤ ጠዋት ሲወጡ እንቅፋቱ አዲሱን አካባቢ እንዲያጠኑ ያደርጋቸዋል። በድሮው ቦታ የሚሰበሰብ ንብ እስኪጠፋ ድረስ በየምሽቱ ድገመው፤ እባክህ በብርድ አትተዋቸው።