ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ሰፈርህም አለበት

አያቴ ጂም ሳይረግጡ 90 አለፉ፣ እኔ ግን የ3 ወር ከፍዬ በ2 ሳምንት ተውኩት፣ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ ራስህን አትውቀስ።

የኦኪናዋን ነገር ልንገርህ። በጃፓን ደቡብ ያለች ደሴት ናት፣ አዛውንቶቿ ዕድሜ በመጥገብ ዓለም ያወቃቸው። በድሮው ቤት ወንበር ብዙም የለም። መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ነው የሚቀመጡት፣ ስለዚህ የ80 ዓመቷ እማማ በቀን ስንቴ ቁጭ ብድግ ትላለች፣ ስፖርቷ ይሄው ነው። ጓሮዋን ትኮተኩታለች። ደግሞ ሞአይ የሚሉት አላቸው፣ ቁርጥ የኛ ዕቁብ! ብር ያዋጣሉ፣ ያወጋሉ፣ አንዱ ሲቸገር ይደርሱለታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ሰፈር መጣ፣ በርገርና የቆርቆሮ ሥጋ ተከተለ፣ ሰዉም ለቅርቡም ለሩቁም መኪና ለመደ። በፈረንጆቹ 2000 ላይ ከጃፓን 47 ክፍለ ግዛቶች የኦኪናዋ ወንዶች በአማካይ ዕድሜ 26ኛ ሆነው ቁጭ አሉ። (ሴቶቹ ያኔም አንደኛ ነበሩ፣ የሴት ነገር!) ዘራቸው አልተቀየረም እኮ፣ የተቀየረው በዙሪያቸው ያለው ነው።

እኔ ጂሙን ትቼ ምን አደረግኩ መሰለህ? ከሥራ ስመለስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። የስኳር ዕቃውን ደግሞ ከጠረጴዛ አንስቼ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልኩት። ለማውረድ በርጩማ መጎተት አለብኝ፣ እሱ ደግሞ ይሰለቸኛል። ሻይ ላይ ከ3 ማንኪያ ወደ 1 የወረድኩት በስንፍናዬ ነው።