በአውሮፕላን ላይ ያከመ ሐኪም ይከፈለው ወይ?

ጥያቄህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ባለቤትህ ሐኪም ናት። ከዕረፍት ስትመለሱ አውሮፕላን ውስጥ ደረቱን ያመመው ሰው አጠገብ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ስትወርዱ አንድ ፓኬት ቸኮላት ሰጧት። አንተም "መከፈል አይገባትም ወይ?" ብለህ ጠየቅህ። "ሐኪም ምሏል፣ ምን ገንዘብ ገንዘብ ያሰኛል" ብለው የመለሱልህም አሉ። "ካልተከፈላት አትነሳ" ያለህም አለ።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ሜሪላንድ ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ በበረራ ላይ "ሐኪም አለ ወይ?" ሲባል ተነስቻለሁ። ሁለቱ ቀላል ነበሩ። አንዷን ግን ላውራህ።

ሁዳዴ ነበር። ከአዲስ አበባ መጥቼ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ቀይሬያለሁ፤ አትላንቲክ ላይ ነን። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል በድምፅ ማጉያው ጥሪው መጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ወዲያው አልተነሳሁም። ሌላ ሰው እስኪነሳ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ማንም አልተነሳም።

ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ሲጠሯቸው ያጉተመትማሉ እንጂ አይመልሱም። ሆስተሷ "ስትሮክ ይሆን እንዴ?" ትላለች። የእጅ ቦርሳቸውን ከፈትኩ፤ ግሊቤንክላማይድ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። የስኳር ኪኒናቸውን ውጠዋል፤ የቀረበው ምግብ ግን የፍስክ ስለሆነ አልነኩትም። ሌላ እንዲያመጡላቸው እንዳይጠይቁ ደግሞ ቋንቋው የለም።

የሕክምና ሣጥኑ መጣ። ማዳመጫ አለው፣ የደም ግፊት መለኪያ አለው፣ አድሬናሊን አለው፣ 50 በመቶ ግሉኮስ እንኳን አለው። የስኳር መለኪያ የለውም! የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ግዴታ ያደረገው ዝርዝር ውስጥም የለም። ሆስተሷ ስኳር ያለበት ተሳፋሪ ካለ ብላ ጠየቀች። ከኋላ አንድ ወጣት የራሱን መለኪያ ይዞ መጣ። 38 አለ። ከ70 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ነው የምንለው።

ማዳመጫው በሞተሩ ጩኸት ምክንያት ከንቱ ነው። ግፊታቸውን የለካሁት የእጃቸውን ትርታ በጣቴ እየዳበስኩ ነው። ደም ሥር የፈለግሁት ደግሞ መተላለፊያው ላይ ተንበርክኬ፣ ያው ወጣት በስልኩ እያበራልኝ። ግሉኮሱ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ዓይናቸውን ገለጡ። "ደረስን እንዴ ልጄ?" አሉኝ። የብርቱካን ጭማቂ ሳቀብላቸው ግን ከመጠጣታቸው በፊት "ወተት የለበትም አይደል?" ብለው አጣሩ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግሊቤንክላማይድ ግን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ እየለካሁ፣ ዳቦ በጭማቂ እያበላሁ፣ እስክንደርስ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። አምስት ሰዓት መሆኑ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ተረኛ ነበርኩ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ አምስት ሰዓት ስዳብስ፣ ካፒቴኑ ምድር ላይ ካለ ሐኪም ጋር በሳተላይት ስልክ ይነጋገር ነበር። ብዙ አየር መንገዶች ይህን አገልግሎት ይገዛሉ፤ አሪዞና ያለው ሜድኤር ስሙ የታወቀ ነው። ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚመክረው ሐኪም ይከፈለዋል። ተንበርክኮ መርፌ የሚወጋው በነጻ ነው። "ሐኪም ምሏል" የምትሉ ሰዎች እዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? ታች ያለውም እኮ ምሏል።

ካፒቴኑ ከእኔ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ እንቀጥል ወይስ ቅርብ ያለ ቦታ እንረፍ? ውሳኔው የእሱ ነው፤ ግን ሐኪሙ ያለውን ይሰማል። እንቀጥል አልኩ። ያልታሰበ ቦታ ማረፍ ማለት ነዳጅ ነው፣ የማረፊያ ክፍያ ነው፣ በረራ ያመለጠው መንገደኛ ሆቴል ነው። ያንን ሁሉ ያተረፈው አየር መንገዱ ነው።

ነገሩ ብርቅ እንዳይመስልህ። በ2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት የአምስት አየር መንገዶችን ወደ 12,000 የሚጠጋ የሕክምና ጥሪ አይቷል። በየ604 በረራው አንድ ማለት ነው። ግማሽ በሚሆኑት ላይ የረዳው ተሳፋሪ የነበረ ሐኪም ነው። መንገድ ቀይረው ያረፉት 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከሦስት አንዱ በላይ ራስን መሳት ወይም ማዞር ነው፤ ያ ደግሞ እግር ከፍ ማድረግና ውኃ ነው፣ ለእሱ ማንም ክፍያ አይጠይቅም። በነገራችን ላይ የካቢኑ አየር ቢሳሳ ቢሳሳ እንደ 8,000 ጫማ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ በለው። እኛ ለምደነዋል፤ ልቡን ወይም ሳንባውን ታሞ ከቆላ ለመጣ ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ይከፈለን? የሰዓት ደመወዝ ከሆነ፣ እኔ አልፈልግም። ትሕትና አይደለም፣ ፍርሃት ነው። የአሜሪካ የ1998 ሕግ በበረራ ላይ የረዳን ሰው ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ብሎ ያደረሰው ጥፋት ከሌለ በቀር ከክስ ይጠብቀዋል። የየግዛቱ የደጉ ሳምራዊ ሕጎች ደግሞ በአብዛኛው ከለላ የሚሰጡት ያለ ክፍያ ለረዳ ነው። ደረሰኝ የቆረጥክ ዕለት ሳምራዊነቱ ቀረ፤ የታወቀ ሐኪምና ታካሚ ሆናችሁ። ያለ ላቦራቶሪ፣ ያለ ብርሃን፣ የማታውቀውን በሽተኛ አክመህ በዚያ ሚዛን መመዘን አትፈልግም።

"ካልተከፈላት አትነሳ" ያልከው ወንድሜ ግን ተጠንቀቅ። በአሜሪካና በእንግሊዝ ተሳፋሪ ሐኪምን በሕግ የሚያስገድደው የለም። በጀርመንና በፈረንሳይ ግን በአደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳት ወንጀል ነው። በእኛም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 አለ። በ1963ቱ የቶኪዮ ስምምነት ደግሞ በበረራ ላይ ለተፈጸመ ጥፋት አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የመዳኘት ሥልጣን አለው። ስለዚህ የተሳፈርከው የማን አገር አውሮፕላን እንደሆነ ለውጥ ያመጣል።

የምፈልገው ሌላ ነው። የኢንሹራንስ ሽፋን እንዳለኝ አየር መንገዱ በጽሑፍ ይንገረኝ። ተኝቼ እንድሄድ ከፍዬ ከነበረ የወንበሬን ዋጋ ይመልስልኝ። ሣጥኑ ውስጥ የስኳር መለኪያ ይጨምር፤ ዋጋው ከቸኮላቱ ብዙም አይበልጥም። የሚቻል መሆኑን ሉፍታንዛ አሳይቷል፤ ሐኪሞችን አስቀድሞ ይመዘግባል፣ ማይል፣ ማለትም በኋላ ለትኬት የሚሆን ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ ኢንሹራንሱንም ራሱ ይሸፍናል። ማይል ደግሞ ደመወዝ አይደለም፣ ምስጋና ነው።

ለእኔስ ምን ሰጡኝ? የፈቃድ ቁጥሬን የምጽፍበት ቅጽና አንድ ጠርሙስ ወይን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ "በረራዎ እንዴት ነበር? ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይስጡን" የሚል ኢሜይል።

እናትየው ግን ስንወርድ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው 20 ዶላር አወጡ። "ኧረ እማማ፣ ይተዉ" አልኩ። ተቆጡ። "በነጻማ አይሆንም!" ተከራከርን። በመጨረሻ ለልጃቸው ከያዙት ዳቦ ቆሎ አንድ ከረጢት ሙሉ ዘግነው ሰጡኝ፤ እሱን አልመለስኩም። በማግስቱ ተራዬ ላይ ከነርሶቹ ጋር ጨረስነው።

ለባለቤትህ እንዲህ በላት። ገንዘብ አትጠይቅ። ለደንበኞች አገልግሎት የበረራ ቁጥሩን፣ የወንበሯን ቁጥርና የተቀመጠችበትን ሰዓት ጠቅሳ ትጻፍ። የኢንሹራንስ ሽፋን ማረጋገጫና ማይል ትጠይቅ። ያደረገችውንም ዛሬውኑ ለራሷ ትመዝግብ፤ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን። የእኔን ደብዳቤ ለናሙና ከፈለገች በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።