ኮርሱን አቋርጬ አክሲዮን ልግዛ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራ ከያዝሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። የደመወዝሽን አንድ አስረኛ ለማታ ኮርስ ትከፍያለሽ፤ ኮርሱ ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶታል። አሁን ግን «ገንዘቤ ይሥራልኝ» ብለሽ ኮርሱን ትተሽ በክፍያው አክሲዮን ልትገዢ አስበሻል። ወንድምሽ ደግሞ ገንዘቡን ለእሱ ብትሰጪው በየወሩ 10 በመቶ እንደሚያተርፍልሽ ነግሮሻል።

በግልጽ ልንገርሽ፤ ኮርሱን አታቋርጪ።

እስቲ አብረን እናስላው። በየወሩ አንድ አስረኛ ብታስቀምጪ በዓመት የአንድ ወር ደመወዝሽና ከዚያ ትንሽ የሚያልፍ ይሆናል። ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገበያ ውስጥ ነበር እንበል። ገበያውም ቀንቶት 10 በመቶ ሰጠሽ እንበል። ትርፍሽ የአራት ቀን ደመወዝ እንኳ አይሞላም። ኮርሱ ግን ደመወዝሽን በ20 በመቶ ቢያሳድገው በዓመት ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ያስገባልሻል። እሱም በአንድ ዓመት አያበቃም፤ መሥሪያ ቤት ብትቀይሪም አብሮሽ ይሄዳል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት መዝገብ ቤት ፋይል በማደራጀት ነው። ማታ ማታ የሂሳብ አያያዝ ተማርኩ፤ ኑሮዬን የቀየረው እሱ ነው። አክሲዮን የገዛሁት ከዚያ በኋላ፣ ከወር ወር የሚተርፈኝ ገንዘብ ሲኖር ነው። ወደዚህ መንገድ ማድላቴ አይቀርም። ስሌቱን ግን በራስሽ ደመወዝ ደግመሽ ሥሪው።

አክሲዮን ይቅርብሽ እያልኩ አይደለም። በትንሽ ገንዘብ መጀመር ይቻላል፣ ጥሩም ነው። በዓመት 7 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ሳትነኪው ልትተዪው የምትችዪው ገንዘብ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ክፍፍሉ ተደምሮም 37 በመቶ ወረደ። ገበያውን በጣለው በዚያ የገንዘብ ቀውስ ሚሊዮኖች ሥራ አጡ። ሥራ አጥቶ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ኪራይ ለመክፈል የወደቀ አክሲዮኑን በርካሽ ይሸጣል። ገበያው ሲያገግም እሱ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው እንዲህ ነው።

«የትኛውን ኩባንያ ልምረጥ?» ላልሽው፣ አንድ ኩባንያ አትምረጪ። አሜሪካዊው የቫንጋርድ ኩባንያ መሥራች ጆን ቦግል እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራው ቆጣቢ የከፈተው ዓይነት ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም የገበያ መለኪያን ተከትሎ አክሲዮን የሚገዛ የብዙ ሰው የጋራ ገንዘብ፣ የመቶዎች ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ፣ በዝቅተኛ ክፍያ ይይዝልሻል። ከተቻለ በአንድ አገር ብቻ ያልተወሰነውን ውሰጂ። የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚለካው ኒኬይ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ መልሶ ያለፈው በ2024 ነው።

የወንድምሽን ጉዳይ ሳላለዝብ ልንገርሽ። በየወሩ 10 በመቶ ማለት 100 የነበረው በዓመቱ ከ300 በላይ ይሆናል ማለት ነው። ይህን አክሲዮን ገበያ ላይ ለማንም ቃል መግባት አይቻልም። ወንድምሽ ምናልባት ከልቡ አምኖበት ይሆናል፣ እሱንም ያታለለው ሰው ሊኖር ይችላል። ብትወጂውም እምቢ በዪው። ይቀየማል ብለሽ የምትሰጪው ገንዘብ ሲጠፋ ቅያሜው ይብሳል።

ኮርሱ ሲያልቅ ያ አንድ አስረኛ ነፃ ይወጣል። መጀመሪያ የሦስት ወር ወጪሽን ባንክ አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ገበያው ወጣ ወረደ ሳትዪ፣ ደመወዝ በገባ ቁጥር ወደ ፈንዱ ይሂድ። ሂሳብ ከመክፈትሽ በፊት ግን ግዢውን የሚፈጽምልሽ ድርጅት የሚወስደውን ኮሚሽን ዝርዝር ጠይቂ። 100 ስትገዢ 5 የሚቆርጡ ከሆነ ገና ሳትጀምሪ 5 በመቶ ከስረሻል። ክፍያው ብዙም ትንሽም ብትገዢ ለእያንዳንዱ ግዢ ያው አንድ ዓይነት ከሆነ የሦስት ወሩን አጠራቅመሽ በአንዴ ግዢ።