ጃፓን ስትሄዱ ቆሻሻውን እዩ

ልጆቼ፣ ለትምህርት ጃፓን የሚሄድ ወጣት መጀመሪያ የሚልከው ፎቶ ወረቀት ያልወደቀበትን የቶኪዮ መንገድ ነው። ከሥሩም «ሕዝቡ ሲፈጠርም ንጹሕ ነው» ይባላል። በጽዳት ሥራ ያረጀ ሰው ግን ቆሻሻው የት ገባ ብሎ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ዩሜኖሺማ ከተባለው ቆሻሻ መድፊያ የተነሣ ዝንብ ኮቶ የተባለውን የቶኪዮ ወረዳ ወርሮ ነበር። በ1971 የቶኪዮ ገዥ ሚኖቤ ሪዮኪቺ «የቆሻሻ ጦርነት» አወጁ። የሱጊናሚ ወረዳ ነዋሪዎች ማቃጠያ በሰፈራችን አይተከልም ቢሉ፣ የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ኮቶ በ1973 የሱጊናሚን መኪኖች መንገድ ዘግቶ መለሰ። ዛሬ ሱጊናሚ የራሱ ማቃጠያ አለው። ያ ንጽሕና በጭቅጭቅና በድርድር የመጣ ነው።

ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው እንደሚያጸዱ ብዙ ተወርቷል፤ አልደግመውም። ይልቅ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጣችሁን የቆሻሻ መርሐ ግብር ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። የሚቃጠለው በብዙ ቦታ በሳምንት ሁለቴ ይነሣል፣ የማይቃጠለው በወር አንዴ ወይም ሁለቴ። ሃይላንዱን ክዳኑንና ልጣፉን አውጡለት፣ አለቅልቁት፣ ጨፍልቁት፤ ክዳንና ልጣፉ ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ይሄዳሉ። ጭማቂ የቀረበት አንድ ጠርሙስ አብረውት ያሉትን ያበላሻል።

ፌስታሉን ማታ አታውጡ፤ በዕለቱ ጠዋት፣ በአብዛኛው እስከ 2 ሰዓት ነው የሚወጣው። ቁራ ሌሊት አይመጣም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ሲነጋ ከመኪናው ይቀድማል። ፌስታሎቹ ላይ የሚደረበውን መረብ ስታለብሱ ጠርዙን ከሥር አስገቡ፤ ቁራ የሚገባው በዚያ ነው። በትክክል ያልተለየ ፌስታል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ቦታው ላይ ይቀራል፣ ጎረቤትም ያየዋል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እኛም ዘንድ ሞልቷል፤ ቆሻሻ ላይ ሲደርስ ግን ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።

የወጥና የእንጀራ ትራፊ ከመጣሉ በፊት ውኃው ይንጠፍ። ማቃጠያው ከ800 ዲግሪ በታች ከወረደ ዳዮክሲን የተባለው መርዝ ይፈጠራል፣ እርጥብ ቆሻሻ ደግሞ እሳቱን ውኃ በማትነን ያደክመዋል። አብዛኛው ቆሻሻዋ እርጥብ ትራፊ ለሆነው አዲስ አበባ፣ ለረጲው ማቃጠያም ነገሩ ያው ነው። የጥብስ ዘይት ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም፤ በጋዜጣ አስመጥጣችሁ ከሚቃጠለው ጋር ጣሉት።

መንገድ ላይ ቅርጫት ብትፈልጉ አታገኙም። እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሳሪን በተባለ መርዛማ ጋዝ ጥቃት ከተፈጸመ በኋላ ብዙዎቹ ተነሥተዋል። መጠጥ መሸጫ ማሽን አጠገብ ያለው ለባዶ ጠርሙስና ለጣሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ፌስታል ከኪሳችሁ አይጥፋ፤ የበላችሁበትን ይዛችሁ ቤት ትገባላችሁ።

ስትመለሱ ደግሞ አልጋና ጠረጴዛ ደጅ ጥሎ መሄድ የለም። ማዘጋጃ ቤት ደውላችሁ ቀን ታስይዛላችሁ፣ የክፍያ ተለጣፊ ገዝታችሁ ትለጥፋላችሁ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ልብስ ማጠቢያና ኤሲ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ለብቻቸው ይስተናገዳሉ፣ ወጪውም የባለቤቱ ነው። መጋቢት ላይ ተማሪው ሁሉ ቤት ስለሚለቅ ወረፋው ይረዝማል፤ ቢያንስ ከወር በፊት ደውሉ።