መልስ፦ የቼንጀሩን ዲስኮች ስም መቀየርና ማደራጀት

ወንድሜ፣ ፒያሳ ስቱዲዮህ ያለው ባለ 200 ዲስክ የሶኒ ቼንጀር (ብዙ ዲስክ ይዞ እየቀያየረ የሚያጫውተው መሣሪያ)፣ የሰርግ ዲቪዲዎቹን ሁሉ ሚዲያ ሴንተር (የዊንዶውስ ፊልምና ሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም) ላይ በአንድ ስም ያሳየኛል ብለሃል።

ቼንጀሩ አልተበላሸም። ቤት ውስጥ በርን የተደረገ (በኮምፒውተር የተቀዳ) ዲስክ ኢንተርኔት ላይ መረጃ የለውም። ስለዚህ የሚታየው በርን ሲደረግ የተሰጠው ስም ነው፤ እሱን ደግሞ አንዴ ከተጻፈ በኋላ መቀየር አይቻልም። የምትቀይረው ኮምፒውተሩ የያዘውን ስም ነው።

መጀመሪያ የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አድርግ። አፕሊኬሽን ዳታ ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ቀጥሎ ኢሆም፣ ቀጥሎ ዲቪዲ ኢንፎ ካሽ የሚል ፎልደር አለ። ኮፒውን ሌላ ቦታ ሳታስቀምጥ እንዳትነካው። እዚያ ያሉትን የኤክስኤምኤል ፋይሎች (የዲስኮቹ መረጃ የተጻፈባቸውን የጽሑፍ ፋይሎች) በኖትፓድ ከፍተህ ርዕሱን ትቀይራለህ። ሴቭ ስታደርግ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አመዘጋገብ ምረጥ፤ አለበለዚያ ፊደላችን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

አሰያየሙ ላይ ጊዜ ስጥ፣ ዋናው ሥራ እሱ ነው። የወር ስም አታስቀድም። በፊደል ተራ ሲደረደር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። ዓመቱን፣ ከዚያ የወሩን ቁጥር፣ ከዚያ የሙሽሮቹን ስም ጻፍ፤ የ2001 የጥር ሰርግ «2001-05» ብሎ ይጀምራል። ጳጉሜ 13 ትሆናለች። አንድ ቁጥር ላለው ወር ዜሮዋን እንዳትረሳ።

ዲስኩ ቼንጀሩ ውስጥ የተቀመጠበትን የቀዳዳ ቁጥር ስሙ ውስጥ አታስገባ፣ ዲስኩን ባዘዋወርክ ቁጥር ውሸት ይሆናል። ይልቅ ለብቻው ኤክሴል ላይ ያዘው። ቼንጀሩ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ሲያነብም መብራት እንዳያቋርጠው ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) ጋር አገናኘው።

የሰው ሰርግ ስለሆነ ደግሞ፣ እግረ መንገድህን ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥልኝ።